የተሰፉት ገጾች

መጋቢት 6፣ ሰኞ። ጧት 3 ሰዓት

መቶ አሥር እርምጃ። ከደጃፍ እስከ ጥዱ ዛፍ። ሁለቴ ቆምኩ፣ አንዴ ተቀመጥኩ። ትናንት ዘጠና አምስት ነበር። ጉልበቴ አሁንም የኔ አይመስልም። ከጎረቤት የተዋስኩት ነው የሚመስለው፤ ባለቤቱ ድንገት መጥቶ መልስልኝ እንዳይለኝ እሰጋለሁ።

መቃውን ነፋሁ። የመሐል ሜዳው ጤና ጣቢያ ድሬሰር አቶ ታደሰ እንዳዘዘው ነው። ማሰሮ ውስጥ ውሃ፣ ውሃው ውስጥ መቃ፣ አረፋ እስኪያወጣ መንፋት። ጧት ሃያ፣ ማታ ሃያ። ደረትዎ የተጣጠፈ አቁማዳ ነው፣ ካልነፉት ተጣብቆ ይቀራል ነው ያለኝ። ሃያ ዓመት ማኅሌት የመራሁ ሰው አሁን ማሰሮ እነፋለሁ። ሚስቴ አጸደ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አላውቅም።

ውሃ አሁንም ያንቀኛል። ተልባ ግን ይወርዳል፤ ወፍራም ስለሆነ መንገዱን አይስትም። ጾሙ ገባና ዳንኩ። አገሩ ሁሉ ተልባ ስለሚጠጣ በሽተኛው እኔ ብቻ አልመስልም።

ድምፅ የለም። ሹክሹክታ ብቻ።

መጋቢት 8፣ ረቡዕ

አንቺ ደብተር፣ ከየት እንደመጣሽ ለራስሽ ልንገርሽ። የመርሳት ነገር ይዞኛል፤ ሳልጽፈው ነገ ይጠፋብኝ ይሆናል።

በኅዳር መግቢያ ገብስ ስናጭድ ማጭድ እግሬን ጫረኝ። ጭረት ናት ብዬ አፈር ነሰነስኩባት። በሳምንቱ መንጋጋዬ ተቆለፈ። ታናሽ ወንድሜ ደምሴና ጎረቤቶች በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ አወረዱኝ፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ሐኪም ቤት። ሰውነቴ እንደ ደጋን ይለጠጥ ነበር አሉ። ጉሮሮዬን ቀደው ቱቦ አስገቡ። እኔ ይህን አላውቅም። የተነገረኝን ነው የምጽፍልሽ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። አስቴር የምትባል ነርስ፣ ራሴን ባላወቅሁባቸው ቀናት በየቀኑ የሆነውን በፊተኞቹ ገጾችሽ ላይ ጽፋለች። ለእኔ ብላ። እንዲህ ባለ አልጋ ላይ ብዙ የሚተኛ ሰው ቀኖቹ ይጠፉበታል፣ የጠፉትም ቀኖች በኋላ ያባንኑታል አለችኝ። ሲችሉ ያንብቡት፣ እስከዚያ ከኋላ በኩል የራስዎን ይጻፉ ብላ ስወጣ ሰጠችኝ።

እኔም የፊቱን ገጾች በጅማት ሰፋኋቸው። ብራና እንደምሰፋው፣ ጥብቅ አድርጌ። ለምን? ፈርቼ ነው። ሌላ ስም አላወጣለትም።

አንዲት ነገር ብቻ ትዝ ትለኛለች። ጨለማ ክፍል። ራስጌዬ ላይ ወናፍ፣ ኡፍ፣ እፍ፣ ኡፍ፣ እፍ። ሰው ለእኔ ሲተነፍስልኝ። ከዚያ የሴት ድምፅ፦ አርፈዋል። ወናፉ ዝም። በሩ ላይ የደምሴ ጀርባ። እየሄደ። ልጠራው ጉሮሮ የለኝም።

መጋቢት 11፣ ቅዳሜ

ዛሬ አልተራመድኩም። ዝናብ አካፋ። ፀጉሬ በእጄ ሙሉ ይረግፋል። በአንጻሩ የአጸደ ፀጉር እያደገ ነው፣ የጣት ስፋት ሆኗል። ለእኔ ኀዘን የተላጨችው።

ለቅበላ ጥቂት ሲቀር በበቅሎ ስደርስ እሷ ደጅ ላይ ገብስ አስጥታ ነበር። አየችኝ። አልጮኸችም። እጇ ላይ የነበረው ገብስ ፈሰሰ። ጎንበስ ብላ ፍሬ በፍሬ ለቀመችው፣ እስኪያልቅ ድረስ። ከዚያ ቀና ብላ አሁንም መኖሬን አረጋገጠች። እግሬን አየች፣ መሬት መርገጡን። ከዚያ ነው የወደቀችው።

ተዝካሬ በጥር ወጥቷል። ሙሾዬን የሰሙት እስካሁን ግጥሙን ያውቁታል። አንዷ አልቃሽ ትናንት መንገድ ላይ ሳገኛት አፈረች። ጥሩ አውርደሻል አሉ አልኳት። ሹክሹክታዬን አልሰማችም፣ አማተበች።

ቀን ቀን ሸለብ ሲያደርገኝ አጸደ እጇን አፍንጫዬ ሥር ትይዛለች። ስነቃ ዝንብ የምታባርር ታስመስላለች። ዛሬ በዚህ ተቆጣኋት። በሹክሹክታ መቆጣት ምን እንደሚመስል አታውቂም። የሚያስቅ ነገር ነው። እሷ ግን አልሳቀችም፣ እኔም አፈርኩ። ድሮ እንዲህ ቁጡ አልነበርኩም።

መጋቢት 15፣ ረቡዕ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት

እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ። አራት መቶ ሠላሳ። ታደሰ አንድ ምልክት ይያዙ፣ በየቀኑ ወደዚያ ይጠጉ ብሎኝ ነበር። ያዝኩ። መቃብሬን።

ቀልድ አይደለም። በምሥራቅ በኩል፣ ከአባታችን መቃብር ጎን ድንጋይ ተከምሯል። ሥሩ ያለው በመሐረብ የመጣ አፈር ነው። ደምሴ ያመጣው።

የደምሴ ነገር እንዲህ ነው። ሐኪም ቤቱ ግቢ ሃያ ቀን ተቀምጧል። እኔ ያለሁበት ክፍል አያስገቡም፤ በር ላይ ብቻ። በታኅሣሥ ባዕታ ቀን ነርሷ አርፈዋል አለችኝ ብሎ ለቤተሰቡ ተናገረ አሉ። ወዴት ሊያደርጓቸው ነው ብዬ ስጠይቃት ባሕር ዛፎቹን አሳየችኝ፣ ከዚያ ሥር አፈር ዘግኜ መጣሁ አለ። በዚያ አፈር ላይ ፍትሐት ተፈታልኝ። አርባዬ ወጣ። ልብሴ ለድሆች ተሰጠ።

እኔ ግን በዚያን ቀን ሕያው ነበርኩ። ከባሕር ዛፉ ሥር የተማሰ ጉድጓድ የለም፤ በኋላ ወር ሙሉ እዚያ ፀሐይ ሞቄአለሁ። ታዲያ ማን አሳየው? ሬሳውን እንኳ ስጡኝ አላለም። አዝመራው ሜዳ ላይ ቀርቶበት ነበር። ሰለቸው። አይድንም ብሎ ቆረጠ። ጥሎኝ ሄደ። በሩ ላይ ጀርባውን አይቻለሁ እኮ።

ስመለስ መጣ። ጉልበቴን ሳመ። አንድ ቃል አልተናገረም። በማግሥቱ ወደ ተራራው ለጓሳ ጥበቃ ወጣ፣ ሣሩን የሚሰርቅ እንዳይገባ። ከዚያ ወዲህ አልወረደም። ንጹሕ ሰው ይሸሻል?

ከሁለት አንዱ ነው፣ ደብተሬ። ወይ ወንድሜ ዋሽቷል፣ ወይ እኔ ሞቻለሁ። ቀን ቀን የመጀመሪያውን አምናለሁ። ሲመሽ ደግሞ ሁለተኛውን። የትኛው እንደሚሻለኝ አላውቅም።

መጋቢት 19፣ ደብረ ዘይት

ቅዳሴ አስቀደስኩ፣ ተቀምጬ። ተማሪዎቼ ከሩቅ እጅ ይነሣሉ። የኔታ ማለት ረስተዋል ወይስ ፈርተዋል?

ስወጣ ደጀ ሰላሙ ላይ በርኖሴን አየሁ። ጥቁሩን፣ ትከሻው ላይ በቀይ ክር የተሰፋውን። አንድ ዓይነ ሥውር ለብሶታል። አባ ዘርጋው ይባላሉ፣ ደብር ለደብር የሚዞሩ ናቸው። ለተዝካሬ መጥተው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ገና ዛሬ መመለሳቸው ነው። መመለሴን ማን ይንገራቸው።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጥሩ በርኖስ ነው አልኳቸው። ጌታዬ ድምፅዎን ጉንፋን ይዞታል አሉና የበርኖሱን ባለቤት ያጫውቱኝ ጀመር። መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ ነበሩ። ድምፃቸው ከቅጥሩ ውጭ ይሰማ ነበር። ትንሽ ኩሩ ነበሩ ይባላል፤ ግን ሙት አይወቀስም። በየቀኑ በስማቸው እጸልያለሁ፣ ልብሳቸውን እየለበስኩ እንዴት እተዋለሁ አሉኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፦

«እርስዎም ነፍስ ይማር ይበሉላቸው።»

«ነፍስ ይማር» አልኩ።

ምን ልበል? ማንስ ነኝ ልበላቸው?

ልነሣ ስል አንድ ነገር ጨመሩ። እንደ ወንድማቸው ያለቀሰ ሰው አላየሁም፣ አልሰማሁም ልበል እንጂ አሉ። ከተዝካሩ በኋላ ሦስት ቀን እዚሁ ሰንብቼ ነበር፤ በየጧቱ እየመጣ ድንጋዩን ጋሼ፣ ጋሼ እያለ ያናግረው ነበር። ዛሬ ሰው ወንድሙን እንዲህ አይወድም አሉ።



መጋቢት 23፣ ሐሙስ። ዘመሮ ገበያ

በበቅሎ ሄድኩ። አጸደ ጨው ትፈልጋለች፣ እኔም ሰው ልይ አልኩ። ደህና ነበርኩ። ሳቅሁም። ከዚያ ከኋላዬ ኡፍ፣ እፍ።

ቀጥቃጩ ነው። ማረሻ እያጋለ ወናፉን ይረግጣል። እኔ ግን ገበያው ጠፋኝ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ነኝ። እጄ ታስሯል። ወናፉ ካልነፋ አልተነፍስም፤ ሲያቆም አቆማለሁ፣ ሲነፋ እተነፍሳለሁ። ቀጥቃጩ ላቡን ሊጠርግ ወናፉን ተወው።

መሬት ላይ ነው የነቃሁት። አጸደ ራሴን ጭኗ ላይ ይዛ፣ ሰዉ ከብቦ። አንዱ «ደግሞ ሞቱ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። «ደግሞ» የሚለው ገደለኝ።

መጋቢት 24፣ ዓርብ

አቶ ታደሰ ለክትባት ወደኛ ሰፈር ወጥቶ ቤት ገባ። ደረቴን አዳመጠ። ሳንባዎ ደህና ነው፣ የተያዘው ሌላው ነው አለ። ከእንዲህ ያለ አልጋ የተነሣ ሁሉ የሆነ ነገር ይዞ ይወጣል፤ አንዱ የእግር ድካም፣ አንዱ እንቅልፍ ማጣት፣ አንዱ ድምፅ መፍራት። ክኒን የለውም አለ። ያለው መድኃኒት የፈሩትን በጥቂት በጥቂቱ መቅመስ ነው። ገበያ አይቅሩ፣ ከቀጥቃጩ ራቅ ብለው ይቀመጡ፣ በሳምንቱ ትንሽ ይጠጉ።

አንቺን ምሰሶው ላይ ተንጠልጥለሽ አየሽ። ስፌቱን በጣቱ ነካ። ይህንንስ መቼ ነው የሚቀምሱት አለኝ።

መጋቢት 30፣ ሐሙስ

ከቀጥቃጩ ሦስት ገመድ ያህል ርቄ ተቀመጥኩ። ላብ በላብ። አልወደቅሁም። ከዚያ አላውቅም ምን እንደነካኝ፣ ተነሥቼ ሄድኩ። ወናፉን እኔ ልርገጠው አልኩት። ሳቀ፤ የቤተ ክህነት ሰው ወናፍ ሲረግጥ አይቶ አያውቅም። ቦታ ለቀቀልኝ።

እኔ ስረግጠው ይነፋል። እኔ ስተወው ያቆማል። ደረቴ ግን የራሱን ይተነፍሳል። ይኸን ለማየት አንድ ማረሻ አጋልኩ። ስመለስ ዘጠኝ መቶ እርምጃ በእግሬ፣ የቀረውን በበቅሎ።

ሚያዝያ 2፣ ቅዳሜ

የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት መጡ። የከበደኝን ጠየቅኋቸው። ፍትሐት የተፈታለት ሰው ከማን ይቆጠራል፣ ከሙታን ወይስ ከሕያዋን?

ሳቁ። ሰው ሞቶ የሚያገኘውን አንተ አስቀድመህ አገኘህ፣ ምን ከፋህ አሉኝ። እኔ አልሳቅሁም። ስሜን በቅዳሴ ከሙታን ስም አወጡት ወይ አልኳቸው። ጺማቸውን ደባበሱ። ረስቼዋለሁ አሉ።

ከተመለስኩ ወዲህ ወር አልፎኛል። ሰኞም እሑድም፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ መቃ እየነፋሁ፣ መቅደስ ውስጥ ስሜ ከሞቱት ጋር ይጠራል። ሲመሽ የሚያስፈራኝ ይኸ ነበር ማለት ነው?

ነገውኑ ላወጣው ብለው ማሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ እንዳይረሱት አጸደ አብራቸው ትሄዳለች።

ሚያዝያ 10፣ ሆሣዕና

ልሞክር አልኩ። ዘንባባው ተይዞ ዑደት ሲጀመር አንድ መስመር ብቻ ላንሣ ብዬ ቆምኩ። አየር ወጣ፣ ዜማ አልወጣም። ይባስ ብሎ ቀጣዩ መስመር ጠፋኝ። ከልጅነቴ የማውቀው መስመር። ባዶ። ተማሪዎቼ ተቀብለው አነሡትና ሸፈኑልኝ። ተቀመጥኩ።

አለቀስኩ። ሰው ፊት። እኔ።

ድምፄ ላይመለስ ይችላል። ታደሰ ከመጀመሪያውም ነግሮኛል። ሰምቼው አላውቅም፣ ዛሬ ሰማሁት።

ሚያዝያ 18፣ የፋሲካ ማግሥት

ደምሴ ሙክት ላከ። በጎረቤት እጅ። መልእክት የለውም። እንኳን አደረሳችሁ እንኳ የለውም። በጉ ግን አባታችን ይመርጠው የነበረው ዓይነት ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው።

አላርደውም አልኩ። ይመለስለት። የሸሸ ሰው በግ አልበላም።

አጸደ ቢላዋውን አስቀመጠች። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ፊት ለፊት ተናግራኝ አታውቅም፣ ዛሬ ተናገረች፦

«ያን ደብተር የሰፉት ሞትዎን ፈርተው አይደለም። ወንድምዎ እውነቱን ከሆነ የሚጠሉት ሰው ያጣሉ። ይኸንን ነው የፈሩት።»

ወጣች። በጉ ደጅ ላይ ታስሮ ያያኛል። እኔም አየዋለሁ።

ሚያዝያ 20፣ ረቡዕ

እስከ ድንጋዩ ደረስኩ። ስምንት መቶ ስድሳ፣ ሳልቀመጥ። ቆሜ ስሜን አየሁ፤ ጽሑፍ የለውም፣ ግን የማን እንደሆነ አውቃለሁ። የአባታችን መቃብር ጎን። ቦታውን ያሳመረው ደምሴ ነው፣ ጠርዙን በጠፍጣፋ ድንጋይ ከብቦታል። የሰለቸው ሰው እንዲህ ይከባል?

አጸደ አታናግረኝም። በጉ አልታረደም፣ አልተመለሰምም።

ሚያዝያ 25፣ ሰኞ። ጧት 4 ሰዓት

ስፌቱን ፈታሁት። ጅማቱን ስስብ ሁለት ቦታ ወረቀቱ ተቀደደ። ይቅር በይኝ።

የአስቴር ጽሕፈት ክብ ክብ ነው። አጠገቤ ተቀምጣ እንደምታወራኝ አድርጋ ነው የጻፈችው። ኅዳር 14፦ ዛሬ መንቀጥቀጡ አሥራ አንድ ጊዜ ተነሣብዎት። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፈንነው፣ ብርሃንና ድምፅ ያስነሣብዎታልና። ኅዳር 19፦ ተራ በተራ በእጃችን ፊኛ እየጨመቅን እያተነፈስንዎት ነው። እኔ ስደክም ዶክተሩ ይቀበለኛል። ኅዳር 22፦ ወንድምዎ በር ላይ ዳዊት የሚደግም ሰው ፈልገው አመጡ፤ በድምፅ አይሆንም ስላልን ውጭ ሆኖ ደገመልዎት።

ይኸን አላውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 3ን እንዳለ ልገልብጠው፦

«ሃያ አንደኛ ቀንዎ። ከትናንት ወዲህ አንድ ጊዜም አልተንቀጠቀጡም። ዛሬ ፊኛውን ተውነው፣ በራስዎ ይተነፍሳሉ። ሁላችንም ደስ ብሎናል። ወንድምዎ በር ላይ መጡ። እዚህ ክፍል ጮክ ብሎ መናገር ክልክል ስለሆነ በሹክሹክታ አርፈዋል አልኳቸው። ወዴት ሊያደርጓቸው ነው አሉኝ። በመተላለፊያው መስኮት ባሕር ዛፎቹን አሳየኋቸው፤ የማገገሚያው ክፍል እዚያ ነው። በጣም አለቀሱ። እጄን ሳሙ። ለእርስዎ ያመጡትን በሶ ተዉልኝ። በደስታ እንዲህ የሚያለቅስ ወንድ አይቼ አላውቅም፣ እኔም አለቀስኩ።»

ታኅሣሥ 4፦ «ወንድምዎ ዛሬ አልመጡም።»

ታኅሣሥ 9፦ «ዛሬ ነቁ። በከንፈርዎ መጀመሪያ የጠየቁት ወንድምዎን ነው። ይመጣሉ አልኩዎት።»

የዚያኑ ቀን። ከሰዓት በኋላ

ደግሜ አነበብኩት። ሦስቴ። ወናፉ ዝም ያለው ሞቼ አይደለም። በራሴ ስተነፍስ ነው። በሩ ላይ ያየሁት ጀርባ የሚያለቅስ ሰው ጀርባ ነው።

አርፈዋል። ከመንቀጥቀጥ አርፈዋል ማለቷ ነው። ደምሴ የሰማው ግን ሌላውን ነው። እንዴት ሌላ ይስማ? አባታችን ቄስ ነበሩ። ባረፉ ዕለት ደምሴ፣ ያኔ ልጅ ነው፣ አባባ ሞተ እያለ ሲጮህ በሰው ፊት ገሠጽኩት። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሞተ አይባልም፣ አረፈ ነው የሚባለው፣ አርፈዋል በል አልኩት። አስደገምኩት። እየተንሰቀሰቀ ደገመው።

ቃሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስለ እኔ ሲነገረው በትክክል ተረዳው።

ሬሳ ያልጠየቀው ተቀብሯል ብሎ ነው። አፈሩን የዘገነው ለእኔ ነው። የሸሸውም እሱ ራሱን ከእኔ በላይ ስለወቀሰ ነው፤ ሕያው ወንድሙን ቀብሮ የተመለሰ ሰው ምን ይላል? እኔም አንዴ እንኳ ልጠይቀው አልላክሁም። ሁለት ወር ሙሉ ጠላሁት። ደስ ብሎኝ ጠላሁት።

አጸደን ጠርቼ አነበብኩላት። ጆሮዋን አፌ ላይ አድርጋ ሰማች። ከዚያ በጉን ፈትታ ወደ ጓሮ ወሰደችው፤ ደምሴ ራሱ አርዱልኝ ብሎ ሲመጣ ይታረዳል አለች።

ሚያዝያ 26፣ ማክሰኞ። ጧት 12 ሰዓት ተኩል

እሄዳለሁ። ጓሳ፣ ዛሬ። ታደሰ ቢሰማ ይቆጣል፤ ብርዱ ለደረትዎ አይሆንም ብሎኛል። ባና ደራርቤአለሁ። መቃዬን ይዣለሁ። ተልባው በቅል ተሞልቷል። ዳገቱ ላይ በየመቶ እርምጃው ከበቅሎ ወርጄ ላርፍ ነው። ቃሉን አየሽው? ላርፍ ነው ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ቃል የለንም እንዴ?

አንድ ነገር ነው የሚያስጨንቀኝ። ደምሴ ማንበብ አይችልም፣ አንቺን ባሳየው ምንም አያይብሽ። እኔ ደግሞ ያለኝ ሹክሹክታ ነው። ያቺ ነርስ የተናገረችውም በሹክሹክታ ነበር። እዚያ ላይ ነፋስ አያቋርጥም። ተርፌአለሁ ብለው፣ አርፌአለሁ ብሎ ቢሰማስ? አንዲት ፊደል ናት ልዩነቷ።

ስለዚህ አልናገርም። ቆርጫለሁ። አጠገቡ እስክደርስ ድረስ ዝም እላለሁ። ከዚያ እጁን እይዝና አንገቴ ላይ፣ ከተቀደድኩበት ጠባሳ ላይ አደርገዋለሁ። ቆዳው ገና ስስ ነው፣ ስተነፍስ ይነሣል፣ ይወድቃል። እጁ ይሰማዋል። ይቅርታውን ከዚያ በኋላ በጆሮው እነግረዋለሁ።

ሲወርድ አብረን መቃብሬ ድረስ እንሄዳለን። አፈሩን በእጁ እንዲያወጣው…

አጸደ እየጠራችኝ ነው፣ በቅሎዋ ተጭናለች።